ለመብራቱ የሚሆን አረቄ

በንፋስ መውጫ ገበያ፣ ከአረቄ ሻጯ ከወይዘሮ አዛለች አጠገብ የሚቀመጠውን በያጅ በስሙ የሚያውቀው የለም። የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ ይደፍናል፤ ሥራ ሲያጣ ከጥይት ቀለህ ክንድ የማይሞላ የነሐስ ባቡር ይሠራል። የሰማያዊ ኮቱን ቁልፎች ቆርጦ የባቡሩ ጎማ ስላደረጋቸው ኮቱን በሲባጎ ያስራል። «ድሬዳዋ እውነተኛውን ስጠግን ኖሬአለሁ» ይላል። ለምን እንደተወው ሲጠየቅ ግን ሞረዱን ያነሳል።

ሁለት ቅዳሜ ሞክሮት እንፋሎቱ እያመለጠ ቆመበት። በሦስተኛው እህል ነጋዴው አቶ ጥጋቡ «ቀጣፊ ነው፤ ዛሬም ካልሄደ ከገበያችን ይውጣ» ብሎ ሰው ሰበሰበበት።

ሰውየው ባቡሩን አነሳ። በየመጋጠሚያው የእንዶድ አረፋ ቀብቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጡ ነፋ። አረፋው አንድ ቦታ ላይ ቡፍ አለ።

«አገኘሁሽ!» ብሎ ቀዳዳዋን በየዳት። ውሃ ሞላና ከስሩ ውሃውን የምታፈላውን ትንሽ መብራት አውጥቶ ወደ አዛለች ዞረ። «እሜቴ፣ አንድ መለኪያ አረቄ። ለኔ አይደለም፣ ለመብራቱ።»

«ደግሞ ባቡርም ይጠጣል?» አለ ጥጋቡ።

«እርስዎ ሲጠጡ መሄድ ያቅትዎታል፤ እሱ ጠጥቶ ይሂድልን» አለች አዛለች። መለኪያውንም ሞልታ ለሰውየው አቀበለችው።

እሳቱ ነደደ፤ ውሃው ተንተከተከ። ባቡሩ አንዴ ተንገጫግጮ፣ ሰውየው በሳንቃ ላይ በዘረጋለት ትንሽ ሐዲድ እየተነፈሰ ሄደ።

ሰውየው ተነሳ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም አዛለች አይታው አታውቅም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ከሐዲዱ ራቁ!» ሲል አዘዘ።

አቶ ጥጋቡ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።