«ኬን» ያልኩበት ዓርብ

ከጎንደር የወጣሁት ነጭ ለብሼ፣ ሰው ሁሉ እየመረቀኝ ነው። አመሻሽ ላይ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ጎረቤቱ ሁሉ የክርስትና ስሙን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ እጄ ላይ ያስቀምጣል፤ «እዚያ ስትደርሺ አስቢኝ» ይለኛል። የንስሐ አባቴ በመስቀላቸው ባርከውኝ «በሰላም ደርሰሽ በሰላም ተመለሽ» ሲሉኝ ዐይናቸውን ማየት አቃተኝ። ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ልሳለም ከተጓዦች ጋር ተመዝግቤ ነበር፤ በልቤ ግን እዚያው ቀርቼ ልሠራ ቆርጬያለሁ። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ልጄ ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነበር። የእናቴን እጅ ይዛ «እማዬ፣ ጌታን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ምን እንዳለኝ አልሰማሁም።

ፋሲካን ከተጓዦቹ ጋር አከበርኩ። አልቅሻለሁ፣ ሰግጃለሁ፣ የያዝኩትን ስም ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጠርቻለሁ። ወደ አየር ማረፊያ በምንሄድበት ጠዋት ግን ሻንጣዬ አውቶቡስ ላይ እንደ ተጫነ እኔ ከማረፊያችን በሌላ በር ወጣሁ። ለጌታ ሰላምታ አድርሼ ከቤቱ እንደ ሌባ መውጣት ማለት ይኸው ነው።

የሀገሬ ልጅ የሆነች ሴት ረሆቮት ሥራ አገኘችልኝ። አንዲት አሮጊት ማስታመም ነው፤ ስማቸው ሹላሚት፣ ሁሉም ሰው ሳቭታ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ይላቸዋል። እግራቸው አይሄድም፤ ስም ይረሳሉ፤ እኔን አንድ ቀን በእህታቸው ስም፣ አንድ ቀን በእናታቸው ስም ይጠሩኛል። የማድረው እዚያው ነው። ልጃቸው ኦርና ደግ ናት፤ ጾም ግን አይገባትም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዶሮው ሲያልፈኝ፣ እንቁላሉ ሲያልፈኝ አይታ «ዲዬታ፣ ለመክሳት ብለሽ ነው? እንዲህ ቀጥነሽ?» አለችኝ። «ለእግዚአብሔር ነው» ስላት «ስንት ቀን?» አለች። «አምሳ አምስት።» ራሷን ይዛ «እኛ አንድ ቀን ጾመን ሳምንት ሙሉ እናወራዋለን!» አለች።

ሀገር ቤት ላላችሁ ምኑን ልንገራችሁ? እዚህ ክረምቱ አጭር፣ በጋው የማያልቅ ነው። በመስከረም መስቀል ወፍ የለ፣ አደይ የለ፤ የብርቱካን አበባ ሲሸት ብቻ ጾሙ መሃል እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን እሑድ ነው። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ኦርና ቢሮ ትገባለች፣ እኔ ከሳቭታ ጋር እሆናለሁ። የእኔ የዕረፍት ቀን ሻባት፣ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ባቡሩም አውቶቡሱም ይቆማል። የምኖርበት ቦታ ከኢየሩሳሌም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አልሰማሁም። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ መንገዱም ቢኖር እግሬ አይደፍርም ነበር። ልሳለም ብዬ ዋሽቼ የመጣሁ ሰው በምን ፊቴ ካህን ፊት እቆማለሁ? በሦስተኛው ዓመት እናቴ ስታርፍ እንኳ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ማጠቢያው ሲጮኽ አብሬ ጮኽኩ። ትርንጎን እህቴ ወሰደቻት። ከዚህ ሀገር ከወጣሁ አልመለስም፤ ካልወጣሁ ልጄን አላይም። እንዲህ ሆኜ ነው የኖርኩት።

የሚያጫውቱኝ እማማ ዝናሽ ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ የእኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አማርኛቸው የጎንደር ገበሬ አማርኛ ነው፤ ስሰማው እንባዬ ይመጣል። ማተቤን አይተዋል፤ ምንም ብለውኝ አያውቁም።

አንድ ዓርብ አብረን ገበያ ወረድን። ሽንኩርት እየመረጥን ሳለ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ከፊቴ ቆመ።

«ተዑዳት ዘሁት» አለኝ፤ መታወቂያ ማለቱ ነው።

እማማ ዝናሽ ቀደሙኝ። «ሽንኩርት ለመግዛትም መታወቂያ ተጀመረ? ልጄ ናት!»

«እሷ ትናገር» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይሁዲ ነሽ?»

ሻሼን ማተቤ ላይ ሳብ አደረግኩት። «ኬን» አልኩ። አዎ ማለት ነው።

ፈገግ ብሎ «ሻባት ሻሎም» አለኝና አለፈ።

ቤት ገብቼ ማታ ለጸሎት ስቆም «በስመ አብ» ብዬ መቀጠል አቃተኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከአርባ ቀን በላይ አፌ ተዘግቶ ቆየ። የካድኩት ሰይፍ ተመዝዞብኝ አይደለም፤ ሽንኩርት በእጄ ይዤ ነው።

እማማ ዝናሽ መክሳቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ልጅ ሆኜ ሸክላ ልሸጥ ገበያ ስወርድ ከበቡኝ» አሉ። «ቡዳ ናት አሉኝ። ድንጋይ ያነሳም ነበር። እኔም ክርስቲያን ነኝ ብዬ በማርያም ማልኩ። ለቀቁኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ወንዝ ወስዳ አጠበችኝና፣ ነይ እንግዲህ ሰንበት ሳይገባ ቤት እንግባ አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።»

መሬት መሬት አየሁ። ድንጋይ ያነሱት የማን አባቶች እንደ ሆኑ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«የሚመጣው እሑድ እኔ ከአሮጊቷ ጋር እቀመጣለሁ» አሉኝ። «አንቺ ሂጂና ካህንሽን አግኚ።»

ኦርናም ቤሰደር፣ እሺ፣ አለች። እሑድ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ወጣሁ፤ በየጣቢያው ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በር ስደርስ ቅዳሴው ተጀምሯል፤ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ሲያበቃ አንድ አባት ጋ ቀርቤ ከጎንደሩ ውሸት እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ተናዘዝኩ። «ልጄን ማብላት ነበረብኝ» አልኳቸው። «ማብላትሽን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። «ሀገርሽ ግቢ ብዬ የማትችይውን ሸክም አልጭንብሽም። ነገር ግን ከእንግዲህ ማን ነሽ ብሎ ለጠየቀሽ አትዋሺ።» ስግደት ሰጡኝ፤ ቀኖናዬን ስጨርስ ተመልሼ እንድቆርብ ነገሩኝ።

ቀኖናዬን ጨርሼ ልቆርብ ስሄድ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ ላይ ተያዝኩ። ገና ልጅ የሆነ ፖሊስ ነው። መታወቂያ ሲለኝ አንደበቴ ተፈታ፤ «የለኝም። ቪዛዬ ካለፈ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ይሁዲ አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ» አልኩት።

የሚጽፍበትን ወረቀት ይዞ ቀና አለ። «ቀስ በይ! እኔ የጠየቅኩሽ አንዱን ነው።»

ዘጠኝ ቀን አሰሩኝ። ክፍሉ ውስጥ የፊሊፒንስ፣ የጋና ሴቶች አሉ፤ ሁሉም በየቋንቋው ይጸልያል። ፈራሁ፤ በቀጣዩ አውሮፕላን ባዶ እጄን ሊመልሱኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። ግን ውዳሴ ማርያሜን ድምፄን አውጥቼ ደገምኩ። እዚህ ሀገር ከቀረሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ቢሮ ጠሩኝ። ሳቭታ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ኦርናና እማማ ዝናሽ ከግራና ከቀኝ ቆመዋል። ሹሙ ተሰላችቷል።

«ሌላ ሠራተኛ ቅጠሩ» ይላል።

«ቀጠርን» አለች ኦርና። «እናቴ ከእጇ አልበላም አለች።»

«ከማን እጅ ነው የምትበላው?»

ሳቭታ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና «ከውባለም» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው።

ሹሙ ጽፎ ጽፎ ወረቀት ሰጠኝ። ጉዳዬ እስኪታይ ከሳቭታ ጋር እንድቆይ፣ በየሳምንቱ ቀርቤ እንድፈርም፣ ከረሆቮት እንዳልወጣ ይላል። ማን መቼ እንደሚያየው ጠየቅኩት። «እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔም እዚህ ተቀጣሪ ነኝ» አለኝ።

ስለዚህ እስከ ዛሬ አልቆረብኩም። እሑድ ጠዋት ሳቭታን ካጠብኩ በኋላ በረንዳው ላይ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ እቆማለሁ። ሳቭታ ምን እንደማደርግ አይጠይቁም፤ አንዳንድ ቀን «አሜን» ይላሉ።

ባለፈው ፋሲካ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። ትርንጎ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ድምፅዋ የእናቴን ሊመስል ነው።

«እማዬ፣ መቼ ትመጫለሽ?»

በየዓመቱ «ለሚመጣው ፋሲካ» ነበር የምላት። አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ትርንጎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እንግዲያው ዛሬ ምን እንደዋልኩ ልንገርሽ» ብላ ጀመረች፤ ካርዱ እስኪያልቅ አላቋረጥኳትም።