የሚታዘንለት

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ዲማ ገዳም የመጻሕፍት ትርጓሜ እማር ነበር። ቁራሽ ለምነን ስንመለስ የጓደኛዬ አኩፋዳ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የእኔ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጣሊያኖች ቤቱን አቃጥለው አባቱን ስለገደሉበት ቁራሽ የሚሰጡን ሴቶች ገና ሲያዩት «ምስኪን» ይላሉ። የእኔ አባት በሕይወት አለ፤ ማን ያዝንልኛል? በተቃጠለ ቤቱ ሳይቀር ቀናሁ።

አንድ ቀን የኔታ የራእይን መጽሐፍ ሲተረጉሙ «ምስኪን» የሚለው ላይ ደረሱ። የግሪኩ ቃል የሚታዘንለት ማለት ነው አሉ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ጓደኛዬ ወረወርኩ። «እዚህ ግን የተባለው ሀብታም ነኝ እያለ ጉስቁልናውን ለማያውቅ ሰው ነው» ብለው እኔን አዩኝ።

ከትምህርት ስንወጣ ጓደኛዬ ትልቁን ቁራሽ ሰጠኝ። ተቀብዬ በላሁ። ከእኔ ቁራሽ ይልቅ ለስላሳ መሆኑ ግን አናደደኝ።