ጠዋት የማይወርደው ዘይት

ያን ዓመት መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ማግኔት ሲጠጋቸው ስለሚወፍሩ ፈሳሾች ነው፤ እንዴት እንደሚፈሱ፣ ሳይዘቅጡ ምን ያህል እንደሚቆዩ።

ከአንድ የብረት በር ሠሪ ደጅ የብረት ብናኝ ለምኜ አመጣሁና ነፍቼ ከሞተር ዘይት ጋር በጠበጥኩት። ማግኔቱን ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር ፈልቅቄ አወጣሁ። ዘንበል ባለ መስታወት ላይ አንድ ማንኪያ አፈስስና እስከ ታች የሚወርድበትን ጊዜ በስልኬ እይዛለሁ። ማግኔቱን ከስር ሳስጠጋው ዘይቱ እንደ ገንፎ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሳርቀው መውረዱን ይቀጥላል። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ቁጥሮቹ ግን አልስማማ አሉኝ። ጠዋት የለካሁትና ከሰዓት በኋላ የለካሁት ለየቅል ነው። ዘቅጦብኝ ይሆናል ብዬ እያማሰልኩ ለካሁ፤ ያው ነው። ብናኙን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ጠመኔ ያደረቀውን ጉሮሮዬን ይዤ ቤተ ሙከራ እገባና ግድግዳ ሳይ እቆያለሁ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ?»

«አልሆን አለኝ ጋሼ። ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ።»

የዘይቱን ጠርሙስ ዳሰሱና እጃቸውን ቶሎ ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

«በረዶ ሆኗል እኮ! በዚህ ውርጭ ዘይት መች ይወርዳል? ሚኒባሱስ ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለ አይደል የሚገፋው?»

ቴርሞሜትሩ ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ነበር። አንድም ቀን አላነሣሁትም። ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደሚወፍር በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። አፈርኩ፤ ለማልቀስ ግን አቅም አልነበረኝም።

ለጥናቴ አማካሪ ደወልኩ።

«ሙቀቱን አልመዘገብሽም?» አለኝ።

«አልመዘገብኩም።»

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሙቀቱን ያነብቡልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲደክመኝ ያውቃሉ መሰለኝ፣ «ይበቃል፣ ነገም ቀን ነው» ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ።

ጥናቱ አለፈ፤ ውጤቱ መካከለኛ ነበር። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው።

«ተመስገን! አሁንስ ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ» አልኩ። እስከ ሰኞ አርሜ የምጨርሰው የአራት ክፍል ፈተና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቤቴ ገባሁና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ።