መጨረሻ የቀረው ስም

ኦክ ሚሬ በወደብ ከተማዋ ቡሳን ባለ አንድ የመርከብ ዕቃ ድርጅት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሰው ስም ስታዛውር ኖራለች። በኮምፒውተር ያለውን የሠራተኞች ማውጫ የምትጠብቀው እሷ ናት። ማን የት ክፍል እንደሆነ፣ አለቃው ማን እንደሆነ፣ የትኛው በር እንደሚከፈትለት፣ ስልኩ ሳይቀር የሚሠራው ከዚያ ነው። አንድ መስመር ስትቀይር ሦስት መቶ ሰው ወዲያው ያየዋል። “ሚሬ ካስነጠሰች ሰው ወንበሩ ይጠፋዋል” ይሏታል።

ሥራውን ያስተማሯት አቶ ማ ናቸው። መጀመሪያ ቁልፉን ለመንካት ስትፈራ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ “አይዞሽ፣ አይነክስም” ያሏት እሳቸው። ኋላ የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሰው ኃይል ክፍል ትዕዛዝ መጣላት። ግዥ ክፍል ይዘጋል፤ አሥሩ ሠራተኞች ወደ ሌላ ክፍል፣ አቶ ማ “ተጠባባቂ”። ተጠባባቂ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ወንበር ይሰጡሃል፣ አንተው ሰልችቶህ እስክትወጣ። ጡረታቸው እኮ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው!

ማውጫው ሰው ያለበትን ክፍል አይሰርዝም፤ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ በአንድ ማውጣት ነው። እናም አሰበች፦ አሥሩን ላዛውር፣ የሳቸውን ላቆይ፣ በምሳ ሰዓት የሰው ኃይሉን ኃላፊ እለምናለሁ። ሞኚት! እንደዚያው አደረገች።

ኃላፊው ምሳ ላይ ነበር።

“እባክዎ፣ ለአቶ ማ ሌላ ቦታ ቢፈለግላቸው…”

“ሚሬ፣ የታዘዝሽውን ሥሪ። ሾርባዬን አታቀዝቅዢብኝ።”

ስትመለስ ስልኳ ይጮሃል። አቶ ማ ናቸው።

“ማውጫውን ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው፣ ሚሬ። ዘጠኝ ቀረን፣ አምስት ቀረን… አሁን እኔ ብቻ። ልጆቹ ምሳ እንኳ ሳይጠሩኝ ሄዱ። በአጠገቤ የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን ይደፋል።”

“አለቃ፣ እኔ እኮ ላድንዎት ብዬ ነው…”

“አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ግን የኔን መጀመሪያ ብታወጪው፣ በሰዉ መሃል ማንም ልብ አይለኝም ነበር።”

ሚሬ እንባዋ መጣ።

“በይ አሁን አድርጊው፤ እየሰማሁሽ።”

በስማቸው ላይ “ተጠባባቂ” ብላ ጻፈች።

“ወጣሁ?”

“አዎ።”

“ክፍሉንም ሰርዢው። አታልቅሺ፣ ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ፣ እኔ…”

ሰረዘችው። ስልካቸው በክፍሉ ስም የተመዘገበ ነበርና ድምፃቸው እዚያው ላይ ተቋረጠ።

“አለቃ?” አለች ሚሬ። “አለቃ?”