«ኮምፕላይ አያደርጉም» የተባልኩ ዕለት

እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ዘመን «ኮምፕላይ» የሚለውን ግስ የማስረዳበት የራሴ መንገድ ነበረኝ። ደንብን ወይም ትእዛዝን መፈጸም ነው፤ ነገር ግን ፈጻሚው እምቢ ማለት የሚችል መሆን አለበት፤ ድንጋይ ቁልቁል ቢንከባለል ታዘዘ አይባልም፣ እል ነበር። እል የነበረ ይመስለኛል፤ ዛሬ ዛሬ ለትዝታዬ ዋስ አልሆንም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ የደም ግፊቴን ለማስለካት ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሀና ማርያም ብቻዬን እኖራለሁ። መርሳት ከጀመርኩ ግን ቤቴን ዘግቼ ብስራተ ገብርኤል እሷ ዘንድ እንደምገባ ልጄ ቁርጡን ነግራኛለች። ከሞት ይልቅ የምፈራው ይህን ነበር።

ወጣቷ ሐኪም ግፊቴን ደጋግማ ለካችና ወደ ነርሷ ዞራ፣ «መድኃኒቱን ኮምፕላይ አያደርጉም» አለች። የማይገባኝ መስሏት ነበር። ስንቱን ያስተማርኩት ቃል እንደ ፍርድ ወረደብኝ።

«የጠዋቱን ክኒን እኮ ለጾሙ ብሎ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛውሮታል» አለች ልጄ። «የንስሐ አባቱ ከሚቆጡት ሐኪም ቢቆጣው ይመርጣል።»

«ታዲያ አባባ፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ወስደዋል?»

ጾሜን መፍታቴን፣ ሽሮው መቀዝቀዙን አስታወስኩ። ክኒኑን ግን እንጃ። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ታየኝ፤ የዛሬ ይሁን የትናንት መለየት አቃተኝ። ልጄ ትኩር ብላ ታየኛለች።

«አልወሰድኩም» አልኩ ኮስተር ብዬ። «ራሴን ያዞረኛል፤ ሆን ብዬ ተውኩት።» እምቢ የሚል ሰው ቢያንስ አእምሮው አብሮት አለ ብዬ ነበር።

«ጉድ እኮ ነው! በስተርጅና ሸፈትክ?» ብላ ልጄ ሳቀች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። አንድ ክኒን ከእሽጉ ፈልቅቃ መዳፌ ላይ አኖረች። «እንግዲያው አሁን እኔ እያየሁ ይዋጡት። ወስደው ቢሆን ኖሮ አልሰጥዎትም ነበር፤ በላዩ ሲደገም ግፊቱን ድንገት ይጥለዋል።»

ነርሷ ውኃ አቀበለችኝ። ክኒኑን እስከ ከንፈሬ አደረስኩት፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ቆዪ የኔ ልጅ» አልኳት ሐኪሟን። «መውሰዴንም አለመውሰዴንም አላውቅም።»

ሐኪሟ ክኒኑን ከጣቶቼ መሐል ቀስ ብላ ወሰደች። የልጄ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች፣ «ዛሬ እኔ ጋ ታድራለህ፣ አባዬ» አለችኝ።

«ዛሬን ብቻ?»

የቤቴን ቁልፍ ከኪሴ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።