ምድር ልትሰነጠቅ ነው ሲባል የተከልኩት ጎደሬ

በቀደም ከአማን ወደ ሚዛን በባጃጅ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። ፕላኔቶች በአንድ መስመር ሊሰለፉ ነው፣ ምድርም ልትናወጥ ነው ይላል ቪዲዮው።

«እማማ፣ አይፈሩም?»

«እኔ ይህን ፈተና አልፌዋለሁ፣ ልጄ» አልኳት፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከሚዛን ተፈሪ ቁልቁል በእግር በሚኬድበት ሰፈር ከአባቴ ጋር እንኖር ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የጎደሬው ማሳ የእኔ ኃላፊነት ሆኗል። ማንበብ የለመድኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም።

የመጀመሪያዋ ካፊያ የቡናውን አበባ አፈንድታ መንገዱ ሁሉ ሲያውድ፣ በሰፈሩ ብቸኛውን ራዲዮ የያዘው ባለሱቅ ጋሽ ደምሴ ወሬ አመጣ። በተቆረጠ ቀን ፕላኔቶች ሁሉ ከፀሐይ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ፤ ተጋግዘው ሲስቧት ምድር ትሰነጠቃለች፤ ያሉትም የውጭ አገር ሳይንቲስቶች ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቦን «የፀረ አብዮተኞች ወሬ ነው» አለ። እስከዚያ ሲጠራጠር የቆየውም ያኔ አመነ።

ወቅቱ የጎደሬ መትከያ ነበር። ጎደሬ በእኛ ዘንድ በደቦ ይተከላል፤ ዘሩም ያው ሥሩ ነውና ከሚበላው ተለይቶ ጥላ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ዓመት ግን ለደቦ የሚወጣ ጠፋ። ሰው ዘሩን እየቀቀለ በዳጣ ይበላ ጀመር። አባቴም ወደ እኛው ዘር ጠቆመኝ።

«ጣጂው። ቀኑን ተርበን ለምን እንጠብቀዋለን?»

«ፕላኔቶቹ ይዞራሉ አይደል የሚባለው?» አልኩት።

ጋሽ ደምሴ ደጃችን ተቀምጦ ነበር። «ይዞራሉ። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል» አለ።

«የሚዞሩ ከሆነማ ከዚህ በፊትም ተገጣጥመው ያውቃሉ። ታዲያ ያኔ ምድር ለምን አልተሰነጠቀችም?»

«ትናንት ፊደል ለይታ ዛሬ ሳይንቲስት ልታርም!» አለው አባቴን።

«ማንንም አላርምም። ዘሬን አልቀቅልም ነው ያልኩት።»

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ብቻሽን ትተክያለሽ።»

ብቻዬን ተከልኩ። እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም፤ ከቁፋሮው ቀና ባልኩ ቁጥር ሰማዩን በስርቆት አይ ነበር። ቢሆንም በሰው አገር ወሬ ዘር በልቶ መጨረስ አልዋጥልሽ አለኝ። በመንገድ የሚያልፉት «ለማን ነው የምትተክይው?» ይሉኛል።

«ለሚተርፈው» እላቸዋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሰው ቤቱ እንዳይናድበት ፈርቶ ዕቃውን ሁሉ ሜዳ ላይ አወጣ፤ ፍራሹን፣ ጨውን፣ ጋሽ ደምሴም ስኳሩን በጆንያ። ምድር ንቅንቅ አላለችም። ከሰዓት በኋላ ግን የሚዛን ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ጨዉ ሟሟ፣ ስኳሩ በሣሩ መሐል ፈሰሰ። ጋሽ ደምሴ ራዲዮውን በኮቱ ሸፍኖ ሲሮጥ ዛሬም ይታየኛል።

በማግስቱ አባቴ እርጥብ ጋቢውን አስጥቶ፣ ዶማ ይዞ ማሳው ላይ መጣ። የቀረውን አብረን ተከልን።

«ሌላ ጊዜ ዓለም ስታልቅ» አለኝ ሳያየኝ፣ «አስቀድመሽ ንገሪኝ።»

ጎደሬው ሲደርስ ዘር ፍለጋ በመጀመሪያ የመጣው ጋሽ ደምሴ ነበር።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለተረፈው» አለ ቅርጫቱን ወደ እግሬ እየገፋ። ሞላሁለት።

ስለ ፕላኔቶች ዛሬም ብዙ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ወጥቼ አያቸዋለሁ፣ ያምራሉ። በእነሱ የሚያስፈራራኝን ሰው ግን እንደ ያኔው እጠይቀዋለሁ፤ ይሄ ስንተኛ ዙራቸው ነው?

ከባጃጁ ልወርድ ስል ሴትየዋ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ጓሮ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ዝናቡ ሳያመልጥሽ ትከዪ።»