ሰባት ዓመት የጨመርኩባት ልጅ

ስለ ቴኒስ ሕይወቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁልጊዜ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራሉ፤ ጭሮ ላይ ቴኒስ ከየት መጣ? መልሱ አጭር ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ማን እንዳሠራው የማይታወቅ፣ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ሜዳ ነበር። መረቡ የቮሊቦል ነው፤ ዝቅ አድርገን አስረነዋል። ኳስ አጥሩን ከዘለለ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ስለሚንከባለል ከፍ አድርጎ የመታ ራሱ ወርዶ ያመጣል። ኋላ ውጭ አገር ያሠለጠኑኝ ሰዎች መረቡን ታክኮ የሚያልፈውን ኳሴን ሲያደንቁ ስለ ቁልቁለቱ አልነገርኳቸውም። ሌላም ያልነገርኳቸው ነገር አለ፤ ይህን የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነው።

ያሠለጠኑን የስፖርት መምህራችን ናቸው። ጨዋታውን ድሬዳዋ የተማሩ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎ የሚጠፋ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ስምንት ልጆች ሦስት ራኬት ይዘን በየተራ እንጫወታለን። ከስምንታችን በጨዋታ የምትበልጠው የሂርናዋ ልጅ ነበረች። እናቷ ሂርና አስፋልት ዳር ጫት ይሸጣሉ፤ እሷ ለትምህርት ብላ ጭሮ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ ትጫወታለች። በቁመት ሁላችንንም በራስ ትበልጠናለች፤ መዳፏም የአዋቂ መዳፍ ነበር። ኳሱ መስመር ነካ አልነካ ብለን ስንጨቃጨቅ «ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለውም» ትልና ነጥቡን ለእኔ ሰጥታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከዚያ የሚቀጥሉትን ሦስት ነጥቦች ትወስዳለች። እውነቱን ልናገር፤ ደግነቷ ከሰርቯ፣ ከመክፈቻ ምቷ በላይ ያናድደኝ ነበር።

ጓደኛዬም ነበረች። ለአረፋ እነሱ ቤት፣ ለፋሲካ እኛ ቤት እንጠራራለን። ሥጋችን ስለማይገናኝ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይቀርብልናል፤ እኛም እሱን ይዘን በር ላይ ተቀምጠን ስለ ጨዋታ እናወራለን። እኔ ስለማሸነፍ ነው የማወራው። እሷ ግን ስለ ኳስ አመታት ነው የምታወራው፤ እንዴት ቢይዙት፣ እንዴት ቢያዞሩት እያለች በባዶ እጇ ታሳየኛለች።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነን አንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ድሬዳዋ መጥቶ የምሥራቁን ልጆች አየ። በጎረቤት አገር ያለ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ነው የላከው። የሚፈለጉት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ናቸው፤ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም እዚያው ነው። በመጨረሻው ቀን እኔና የሂርናዋ ልጅ ገጠምን፤ አሸነፈችኝ። ማሸነፍ ስል በደንብ ነው፤ ከመላው ግጥሚያ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው የወሰድኩት። ሰውዬው የሁለታችንንም ፎርም ላኩልኝ ብሎ ሄደ። ጋሼ ግን በመልስ ጉዟችን ሚኒባስ ውስጥ፣ ከዚህ አካባቢ አንድ ሰው ብቻ እንደሚወስድ ነገሩን። ማን እንደሆነች መናገር አላስፈለጋቸውም።

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረ ጋሼ ሁለቱንም እኔ እንድሞላ ሰጡኝ። የእሷን አስቀደምኩ። ከቀበሌ ያወጣችውን የልደት ወረቀት አጠገቤ ዘርግቼ የተወለደችበትን ቀን፣ ወርና ዓመት እንዳለ ገለበጥኩ። እንግዲህ የውጭ አገር ወረቀት ሞልቶ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ስህተቱ ወዲያው ይገባዋል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፈረንጅ ሲያነበው ልጅቷ ሰባት ዓመት ታረጃለች። ያኔ ግን አላወቅኩም። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

አባቴ ጸሐፊ ነበርና የራሴን ስጀምር መነጽሩን አድርጎ አየኝ። «ይኼ በነሱ አቆጣጠር ነው የሚሞላው» አለና በጣቱ ቆጥሮ አስተካከለልኝ። በማግስቱም የልደት ወረቀቴን በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ ማኅተም አስመትቶ መጣ። ሁለቱን ፎርሞች ወደ ፖስታው ሳስገባ ከበሩ ላይ ሆኖ ጠየቀኝ።

«የጓደኛሽንስ አስተካከልሽ?»

«አዎ» አልኩት።

በቃ። ፖስታውን በምላሴ አርጥቤ አሸግኩት። ስንት ጊዜ ወደዚያች ጠረጴዛ እንደተመለስኩ አይቆጠርም። ልጅ ነበርሽ ብዬ ራሴን ለማባበል ሞክሬያለሁ፤ ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ቸኮሌት ሰርቄም አላውቅም። አንድ ቁጥር መሰረዝና ሌላ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር። እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነበር። የድሬዳዋው ሽንፈት ገና ጉሮሮዬ ላይ ነው፤ በሷና በእኔ መካከል አንድ ቦታ ብቻ እንዳለም አውቃለሁ። እያወቅኩ «አዎ» አልኩ።

መልሱ ከወር በኋላ መጣ። እኔ ተቀባይነት አገኘሁ። የእሷ፣ «ዕድሜዋ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ጋሼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነበር? ወረቀቱን ማየት። ግን በአገራችን የስፖርተኛ ዕድሜ ተጭበርብሯል ሲባል ምክንያት የሚፈልግ ማን አለ? ሰው ሁሉ ቁመቷን አስታወሰ፤ መዳፏንም አስታወሰ። ጋሼ ሁላችንም በቆምንበት፣ ሜዳው መካከል፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት።

«አሥራ ሦስት» አለች። ቀጥላ ድምጿ ቀነሰ። «እናቴ እንደዚያ ነው ያለችኝ።»

እኔ የኳሱን ቅርጫት ይዤ መሬት መሬት አያለሁ። ያን ቀን ወደ ሂርና ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ አላየኋትም። አንዲት ልጅ፣ እናትየዋ ጫት ሲሸጡ ዋጋ መቀነስ ለምደዋል፣ ዕድሜም ሲቀንሱ አይቸገሩም ብላ ስትቀልድ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይህችን ሳቅ መጻፍ ነው የከበደኝ።

ወደ ማሠልጠኛው ስሄድ የሂርናዋ ልጅ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና የሰርቬን ስህተት ነገረችኝ። «ኳሱን ወደ ኋላሽ ነው የምትወረውሪው፤ ወደ ፊት ወርውሪውና ተከተይው» አለችኝ። የሚገርመው ልክ ነበረች። ማሠልጠኛው ውስጥ ሦስት አሠልጣኞች ያልነገሩኝን እሷ መናኸሪያ ውስጥ፣ የረዳት ጩኸት እየሰማን ነገረችኝ። ያ ሰርቭ አሥር ዓመት እንጀራዬ ሆነ።

ስለዚያ እንጀራ ጥቂት ልናገር፤ ሰው በቴሌቪዥን የሚያየው ቴኒስና እኔ የኖርኩት አይገናኙም። በታዳጊነቴ በአህጉሩ ከተሞች ተዘዋወርኩ። በሙቀት ሲሚንቶው ጫማ ያቀልጣል። አንድ ክፍል ለአራት እንከራያለን፤ በማለዳ ለማጣሪያ እንሰለፋለን፤ የተሸነፈችው ማታውኑ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። መጀመሪያ የባለሙያዎች ውድድር ላይ ስገባ በመጀመሪያው ዙር ወጣሁ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። አንድ ቀን ማጣሪያውን አልፌ ለአባቴ ደወልኩና «በሁለት ሴት አሸነፍኩ» ብለው «ሁለት ሆነው ነው እንዴ የገጠሙሽ?» አለኝ። ሴት ማለት የጨዋታው ክፍል እንደሆነ ባስረዳውም ጎረቤት ሁሉ ልጄ ሁለት ሴት ጣለች ሲል ከረመ።

ከዚያ የመጀመሪያዋን የደረጃ ነጥብ አገኘሁ። አንዲት ነጥብ ናት፤ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ናት። ግን ስምሽ ዓለም በሚያየው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሙያ ነሽ። ዝርዝሩ ውስጥ ከስሜ ጎን የትውልድ ዘመኔ ተጽፏል፤ ልክ ነው፤ አባቴ በጣቱ የቆጠረው ነው። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። የክፍል ጓደኞቼ የደስታ መስሏቸው አቀፉኝ።

በእነዚያ ትናንሽ ውድድሮች ብዙ ጊዜ መስመር የሚያይ ዳኛ የለም። ወጣ ገባውን የምትናገረው ተጫዋቿ ራሷ ናት። እኔ አንድም ቀን ገብቶ የነበረ ኳስ ወጣ ብዬ አላውቅም፤ የተጠራጠርኩትን ሁሉ ለባላጋራዬ እሰጣለሁ። አንድ ዓመት የውድድሩ አዘጋጆች ለሐቀኝነቴ ዋንጫ ሸለሙኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ዋንጫውን አየር ማረፊያ ሽንት ቤት ውስጥ ትቼው ወጣሁ፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ረሳሽው ብላ ሮጣ አመጣችልኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ቤታችን ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል። መጀመሪያ ማሠልጠኛው ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቀጥሎ ጋሼ ያዝኑብኛል አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ነገሩ አርጅቷል አልኩ። በየበዓሉ ከድሬዳዋ ወደ ጭሮ ስመጣ አውቶቡሱ ሂርናን ሲያቋርጥ በሌላኛው በኩል ባለው መስኮት ማየት ተማርኩ። ወደ ቦኬ፣ ወደ ገለምሶ ለዘመድ ለቅሶ ስሄድ ደግሞ እፎይ እላለሁ፤ መንገዱ ሌላ ነው።

አምና ትከሻዬ እምቢ አለ። ሐኪሙ ሰርቭ መምታት ይብቃሽ ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ መናኸሪያው ውስጥ የቆመችው ልጅ ናት። የእሷ የሆነውን ተጫውቼ ጨረስኩት። ጭሮ ገብቼ ሁለት ሳምንት ከተኛሁ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሂርና ወረድኩ።

አስፋልቱ ዳር፣ ጫት በሙዝ ቅጠል ከሚጠቀልሉት ሴቶች መካከል አገኘኋት። ከእኔ ቀድማ አወቀችኝ። አቅፋ ስማኝ፣ ትከሻዬ አለመነሣቱን ስታይ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። እኔ እናቷን ነበር በዓይኔ የምፈልገው፤ ለሁለቱም አንድ ላይ ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር። አዴስ፣ እናትሽ፣ የት ናቸው ስላት ካረፉ ሦስት ዓመት እንደሆናቸው ነገረችኝ። የተቀመጠችው በእሳቸው ቦታ ነው።

መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም፤ ለራሴ የምቆጥረው ይህን ብቻ ነው። ከዓመቱ ጀምሬ እስከ ፖስታው፣ አባቴ የጠየቀኝንም፣ የሳቅኩትንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እጇ ቅጠሉን መጠቅለል አላቆመም። ስጨርስ አቆመች።

«ቴኒሱን ተዪው» አለች። «አላህ ሌላ ሰጥቶኛል፤ ልጆች አሉኝ፣ ሥራ አለኝ። እናቴ ግን ‹በማሽላ አጨዳ ነው የወለድኩሽ፣ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው› ብላ ወላሂ ስትለኝ ‹የቀበሌውንም ወረቀት ያጻፍሽው በውሸት ነው፣ ውሸታም› አልኳት። እዚህ፣ ሰው ፊት። አንድ ቀን አይደለም፤ በተጣላን ቁጥር ነው። አሁን ማን ይነግርልኛል ለእሷ?»

የመጣሁት የሰረቅኳት ቴኒስ ነው ብዬ ነበር። ሌላ ነገር ወስጄ፣ ምን እንደወሰድኩ እንኳ ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬያለሁ።

ተነሥታ አንጓዬን ያዘችኝ። ከእናቷ ጋር የነበሩት ሴቶች አሁንም እዚያው ናቸው። ለእነሱ፣ በኦሮምኛ፣ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ አለችኝ፤ እናቷን ያዋረደችው እነሱ ፊት ስለሆነ። ኦሮምኛዬ የሜዳ ኦሮምኛ ነው፤ ከኳስ አያልፍም። ቃሉን እሷው አስጠናችኝ። ጃንጥላቸው ሥር ከተቀመጡት ሴቶች ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በተሰባበረ ቋንቋ አስረዳሁ። ጨርሼ፣ «ኢሼን ሂን ሶብኔ» አልኩ፤ እሷ፣ እናቷ፣ አልዋሸችም ማለቴ ነበር።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት አሮጊት፣ እጃቸው ከጫቱ የተነሣ የጠቆረ፣ እኔን ትተው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። የተናገሩት ዝግ ብለው ስለነበር ገባኝ።

«እኛማ መች ጠረጠርናት? ስትወለጂ እትብትሽን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም? ስንት ጊዜ ነገርኩሽ። አንቺ ነሽ ‹የፈረንጅ ወረቀት አይዋሽም› ያልሽኝ።»

ጓደኛዬ በእናቷ ቦታ ቁጭ አለችና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችው። አጠገቧ ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ ሳታየኝ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። አሮጊቷ የጭሮ መኪና እየሞላ ነው፣ ሂጂ ልጄ አሉኝ። ሄድኩና ተሳፈርኩ።